ያልሞተችው እናቴ መርዶ

አሰብን ሳያይ ሙቀት አውቃለሁ የሚል ሰው ቢገጥማችሁ አትመኑት። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ለትምህርት ተመድቤ አሰብ የደረስኩ ዕለት ከመኪና ስወርድ ፊቴን ትኩስ ነገር ቢመታኝ የሞተሩ ትኩሳት መስሎኝ ዘወር አልኩ። ዞር ባልኩበትም ያው ነው። ለካ አየሩ ነበር።

ዘመኑ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ጊዜ ነው። ኮሌጃችን ትንሽ የቴክኒክ ኮሌጅ ነበር፤ ስሙን ልተወው። ከየክፍለ ሀገሩ የተለቃቀምን ልጆች ስለ ሞተርና ስለ ብየዳ እንማራለን፤ ሲመሽ አልጋችንን ግቢ አውጥተን እንተኛለን፤ የተረፈችውን ጊዜ ኳስ እንጫወትባታለን። እኔ በረኛም አምበልም ነበርኩ። ጓደኞቼ «ደምሴ በረኛ የሆነው መሮጥ ስለማይችል ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ውሸታቸውን ነው፤ ችሎታም ነበረኝ።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ዋዜማና በማግስቱ ነው። ያን ቀን እናቴ ኮምቦልቻ አልጋ ላይ ሆና ስሜን ትጠራለች። እኔ አሰብ ቁጭ ብዬ የተቀደደ ጓንቴን እሰፋለሁ። ከእኔ በቀር ቡድኑ በሙሉ ስለ እናቴ አንድ ነገር ሰምቶ ተማክሮ ደብቆኛል። የደበቁኝ ነገር ደግሞ ጭራሹን አልሆነም ነበር። በጊዜ ባላውቅ ኖሮ እናቴን በሕይወት አላያትም ነበር። ጉዳዩ ይኸው ነው።

አስቀድሜ ስለዚያ ዓመት ጨዋታችን ትንሽ ልበል። ሜዳችን ሣር የሚባል አያውቅም፤ ጨው የቀላቀለ አሸዋ ነው። በኖራ ብናሰምረው ንፋሱ ጠራርጎ ስለሚወስደው መስመሩን የምንሠራው ከጋራዥ ባመጣነው የተቃጠለ ዘይት ነበር። ተንሸራቶ የወደቀ ሁሉ ጭኑ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ይነሳል። ዓመቱን የጀመርነው በሽንፈት ነው። የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ስንሸነፍ ከተማው መሳቂያ አደረገን። አሰልጣኛችን ጋሽ ታደሰ የብየዳ መምህር ናቸው፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ሆደ ቡቡ ሰው። በተሸነፍን ቁጥር ይጮሁብንና ዞር ብለው ብስኩት ይገዙልናል። እንዲህ እንዲህ እያልን ማሸነፍ ጀመርን። በመጨረሻ ከወደብ ሠራተኞች ቡድን ጋር አንድ ጨዋታ ሲቀረን ዋንጫውን ለመውሰድ አቻ ብቻ በቂያችን ሆነ።

ያንቀሳቀሰን ሁመድ ነው። ሁመድ ደባይሲማ ከምትባል፣ በአሰብ መንገድ ላይ ካለች መንደር የመጣ የአፋር ልጅ ነው፤ ግራ ክንፍ ይጫወታል። ቀጭን ነው፤ በአሸዋ ላይ ሲሮጥ እግሩ አይሰምጥም። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። መንገድ ላይ አፋር ካገኘ ቆሞ «ዳጉ» ሳያደርግ አያልፍም። ዳጉ ማለት የእነሱ ዜና መለዋወጥ ነው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ቁጢጥ ይሉና አንዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይናገራል፤ ሌላውም በተራው። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ትላለህ፤ አንዱን ከሌላው አታቀላቅልም። መዋሸት ነውር ነው፤ የያዙትን ዜና መደበቅም እንደዚያው። ሁመድ በዚህ ምክንያት አንድ ጨዋታ ላይ ዘግይቶ ጋሽ ታደሰ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«አንተ ልጅ፣ ጨዋታ እያለብህ መንገድ ላይ ወሬ ትጠርቃለህ?» አሉት።

«ጋሼ፣ ወሬ አይደለም፤ ዳጉ ነው» አለ ሁመድ ረጋ ብሎ። «ሰውየው ከሩቅ ነው የመጣው። ሳልጠይቀው ባልፍ ነገ እኔን ማን ይጠይቀኛል?»

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ቀልድ አደረግሁት። ሁመድን ባገኘሁት ቁጥር ፊቱ ቁጢጥ እልና «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» እለዋለሁ። እሱም እየሳቀ ይመልስልኛል፦ «አህያ አየሁ። የወጥ ቤቱን ሠራተኛ ስድብ ሰማሁ።» በየቀኑ እንዲህ ነበርን።

አሁን ወደ ዋዜማው ልመለስ። ይህን ክፍል እኔ በቦታው ስላልነበርኩ በኋላ እንደነገሩኝ ነው የማወጋችሁ። ጋሽ ይመር የሚባሉ የከባድ መኪና ሹፌር አሉ። እናቴ ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ስለነበራት የአሰብ መንገድ ሹፌሮች በሙሉ እትዬ ዘነቡ እያሉ ያውቋታል። ጋሽ ይመር ያን ዕለት ኮሌጁ በር ላይ መጥተው እኔን ሲጠይቁ ያገኟቸው ጋሽ ታደሰን ነው።

«የእትዬ ዘነቡን ልጅ ፈልጌ ነበር። እናቱ በጣም ታመዋል፤ ቶሎ…»

ጋሽ ታደሰ አላስጨረሷቸውም። እጃቸውን አንስተው «በቃ፣ በቃ፣ ገባኝ» አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ። የሀገራችንን ሰው ታውቁት የለ? መርዶ ሲመጣ ማን በቀጥታ ይናገራል? «ታማለች» ይባላል፣ የቀረውን ሰሚው ይጨርሰዋል። ጋሽ ታደሰም ጨረሱት። ጋሽ ይመር በበኩላቸው መምህሩ ሲያለቅሱ ቢያዩ «እኔ ከወጣሁ በኋላ በስልክ ሰምተው ይሆናል፤ ለካ አርፈዋል!» ብለው አሰቡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና «እግዜር ያጽናችሁ» አሉ። ይህን ሲሰሙ ጋሽ ታደሰ ጨርሶ ጥርጣሬ አልቀራቸውም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በር ላይ ቆመው ተላቅሰው ተለያዩ። አንዱ የሌላውን እንባ ማስረጃ አድርጎ፣ በሕይወት ያለችውን እናቴን ቀበሯት።

ከዚያ ጋሽ ታደሰ ቡድኑን ከወርክሾፑ ጀርባ ሰበሰቡ። «ነገ ጨዋታው ይለቅ። በማግስቱ ማለዳ የወሎ ሰዎችን ይዘን እንነግረዋለን። እስከዚያ ትንፍሽ የሚል ወዮለት!» አሉ። በክፋት አልነበረም። መርዶ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ እንጂ በየሜዳው አይነገርም ብለው ነው። ልጆቹም አለቀሱ። ሁመድ ብቻ ግራ ገባው።

«ስትሞት ማን አየ?» አለ።

«ዝም በል፣ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም» አሉት።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የገባኝ ጓደኞቼ ድንገት ጨዋ መሆናቸው ብቻ ነው። ገብሬ የሚባል ግዙፍ ተከላካያችን አለ፤ ምግብ አዳራሹ ውስጥ በቬንቲላቶሩ፣ በማራገቢያው ስር ያለውን ቦታ ለአባቱም የማይለቅ። ያን ማታ «ደምሴ፣ አንተ እዚህ ሁን» ብሎ ለቀቀልኝ። ጠዋት የመጀመሪያውን የመታጠቢያ ውሃ ለእኔ አስቀደሙልኝ። የሚሰድበኝ ጠፋ። ስገባ ወሬ ይቋረጣል፤ ሬዲዮው ይዘጋል። ምን የመሰለኝ ይመስላችኋል? ዘመኑን አስታውሱ። ለብሔራዊ ውትድርና ስሜ የተጠራ መሰለኝ! ገብሬን ለብቻው ይዤ «ቀበሌ ፈልጎኛል እንዴ? እውነቱን ንገረኝ» ስለው፣ ያ ዝሆን የሚያክል ልጅ ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን ጠረገና «ጉንፋን ይዞኛል» አለኝ። በአሰብ ሙቀት ጉንፋን!

ሁመድ በዚያው ጠዋት ጠፋ። ለካ የከባድ መኪናዎቹ ማረፊያ ሄዶ ጋሽ ይመርን በተሳቢያቸው ጥላ ሥር ተኝተው አግኝቷቸዋል። ቁጢጥ ብሎ በደንቡ መሠረት ጠየቃቸው። አይተሃታል? በዓይንህ? ተኝታ ነበር ወይስ ተቀምጣ? ውሃ ማን ሰጣት? ምን አለች? ከዚያ በኋላስ ሞተች ያለህ ማን ነው? ጋሽ ይመር የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ «መምህሩ ሲያለቅሱ አይቼ ነው እንጂ ማንም አላለኝም» አሉ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ሩዝ በዓሣ ነበር። ሁሉም አቀርቅሮ ይበላል፤ ጋሽ ታደሰም ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። ሁመድ ላቡን እየጠረገ ገብቶ ዳቦ አነሳና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ድባቡ ስላስጨነቀኝ ልቀልድ ብዬ እንደ ወትሮዬ አልኩት፦

«ሁመድ፣ ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

ማንኪያ ሁሉ ቆመ። ገብሬ «ወይኔ!» አለ በሹክሹክታ። ሁመድ ዳቦውን ቀስ አድርጎ ሳህኑ ላይ መለሰው።

«ሁመድ!» አሉ ጋሽ ታደሰ ብድግ ብለው።

«ጋሼ፣ ጠየቀኝ እኮ።»

«ለጊዜው ነው ያልኩህ፣ አንተ ልጅ!»

«ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ። ባይጠይቀኝም ልነግረው ነበር የመጣሁት።» ወደ እኔ ዞረ። ድምፁ አልተለወጠም። «ይመር የሚባለውን ሹፌር አየሁ። ከእሱ የሰማሁትን ልንገርህ። እናትህን ኮምቦልቻ በዓይኑ አይቷታል። በጣም ታማለች። ተኝታ ነበር፤ እህትሽ ትምጣ ወይ ሲሏት ዝም አለች። ውሃ ጠጣች። ‹ልጄን ጥሩልኝ፣ ሳላየው እንዳልሄድ› አለች። ይህን ነው የሰማሁት። እነዚህ ሞታለች ይላሉ። ስትሞት ያየ ሰው ግን ፈልጌ አላገኘሁም።»

እኔ ቃሉን ሁሉ ሰማሁ። ጋሽ ታደሰን አየኋቸው። ግንባራቸው ወዝቷል።

«ሰውየው እግዜር ያጽናችሁ አለኝ እኮ» አሉ።

«አንተ ስላለቀስክ ነው» አላቸው ሁመድ። አፋርኛ ሲያስብ አንቱታ ይጠፋበታል።

ጋሽ ታደሰ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጡ። ከዚያ አጠገቤ መጥተው ራሴን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ፣ ይቅር በለኝ። እናትህን ሳትሞት ቀበርኳት። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም!»

«አሁን በሕይወት አለች?» አልኩ ለሁመድ።

«አላውቅም» አለ። «ይመር ሲለያት ነበረች። መኪናው አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ቦታ ይዤልሃለሁ።»

አሥር ሰዓት ጨዋታው የሚጀመርበትም ሰዓት ነው። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ቅጽበት እንኳ ዋንጫው በሐሳቤ ብልጭ ብሏል። ዓመት ሙሉ የታገልንበት ነው። «በረኛስ?» አልኩ እንደ ቂል።

«ገብሬ ይቆማል» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ዋንጫ ማለት ቆርቆሮ ነው። እኔ በያጅ ነኝ፤ ከፈለግህ ሌላ እሠራልሃለሁ። ተነሳ!»

ችግሩ ያለ ይለፍ ወረቀት ከአሰብ መውጣት አለመቻሉ ነበር። ኬላው ላይ ይመልሱሃል። ፈራሚው ዲሬክተር ደግሞ ከፓርቲ ሰዎች ጋር ሜዳ ሊሄድ ተነስቷል። ጋሽ ታደሰ ቡድናቸውን ጥለው፣ ያን ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው በጠራራ ፀሐይ ሮጡ። ሰዎቹ የክብር ቦታቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ደርሰው በሁሉም ፊት ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም። ያየ ሰው እንደነገረኝ ግን መጀመሪያ ለመኑ፣ ቀጥሎ ጮኹ፣ በመጨረሻ አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የጋሽ ታደሰ እንባ ያን ጊዜ ትክክለኛ ቦታው ላይ ወደቀ። ወረቀቱን ላብ አርሶት አመጡልኝ።

ገብሬ ጓንቴን ሊያጠልቅ እየታገለ ሸኘኝ፤ ጣቶቹ አልገቡም። ሁመድ ጋቢናው ድረስ መጣ፤ አልሳመኝም፣ አላጽናናኝም። «ስትመለስ ትነግረኛለህ» ብቻ አለኝ።

ከከተማው የሚያስወጣው መንገድ በሜዳው ጀርባ፣ በእኛ ጎል በኩል ነው የሚያልፈው። ስንደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። ጋሽ ይመር «ተሰናበታቸው» አሉና ጡሩምባውን ለቀቁት። ገብሬ ከጎሉ መካከል ዞር አለ፤ እኔን ሲያይ ሁለት እጁን እንደ ንፋስ ወፍጮ ማወናጨፍ ጀመረ። ተከላካዮቹም ዞረው እጃቸውን አነሱ። ወዲያው ሕዝቡ ጮኸ።

«ለማን ገባ?» አሉ ጋሽ ይመር።

«ለእኛ ይሆናል» አልኩ። ለእኛ አልነበረም። ያን ዕለት ሌላ ጎል አልተቆጠረም። ዋንጫው የሄደው ለእኔ እጅ ሲያውለበልቡ ነው።

የመንገዱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ጋሽ ይመር በጥፋተኝነት ሲብሰለሰሉ ነበር፤ «እኔ ጅል፣ እስቲ ማን ነገራችሁ ብዬ ብጠይቅ ምን ነበረበት?» ይላሉ። ሚሌ ላይ ከኮምቦልቻ የሚወርድ ሹፌር አግኝተው መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እትዬ ዘነቡ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አለ ሰውየው እኔን አየት አድርጎ።

እርስ በርሳችን ተያየን። ደህና ናቸው! እኛ ሰዎች «ደህና ናቸው» የማንለው ለማን ነው? አስክሬን አጠገብ ቆመንም እንለዋለን። ያን ጊዜ ከሰው ሁሉ ይልቅ አንድ አፋር አምጡልኝ አልኩ በልቤ። እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ያን ያህል ናፍቆኝ አያውቅም።

ኮምቦልቻ የቤታችን መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። የለቅሶ ቤት ከሩቅ በድንኳኑ ይታወቃል።

«ደምሴ» አሉኝ ጋሽ ይመር ፍሬን ይዘው። «ዓይንህን ክፈት። ድንኳን የለም።»

ከጋቢናው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። እናቴ መደቡ ላይ ጋደም ብላለች፤ ከስታ፣ ፊቷ ቢጫ ሆኖ። በሩን ስከፍት ቀና አለች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማ።»

«ደምስዬ! አመጡህ?» አለችና ትንሽ ቆይታ፣ «የዋንጫ ጨዋታ አለብህ አልነበር እንዴ?» ሹፌሮቹ የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤት ይነግሯት ኖሯል። አቀፍኳትና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከደሴ ሆስፒታል ወደ ቤቷ የመለሷት ተስፋ ስለሌላት እንደሆነ አጎቴ ጓሮ ወስዶ ነገረኝ፤ «ለእሷ ግን ትድኛለሽ ነው የምንላት» አለኝ። ጠያቂው ሁሉ ይገባና «አሁንማ ፊትሽ ወዝ አወጣ» ይላታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠያቂው ቀለል ሲል እጄን ያዘችኝ።

«ሁሉም ትድኛለሽ ይለኛል። ሲወጡ ግን በር ላይ ሲያለቅሱ ይሰማኛል። አንተ ንገረኝ። ሐኪሙ ምን አለ?»

የሁመድ ዳቦ ትዝ አለኝ፤ ቀስ አድርጎ ሳህኑ ላይ የመለሳት። እናቴ ጠየቀችኝ እኮ። «አትድኚም ብሏል፣ እማ» አልኳት።

እጄን አልለቀቀችም። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ወሰደችና «ተመስገን» አለች። «ብቻዬን ሳውቀው ከረምኩ። የማወራው ሰው አጥቼ ነው የጨነቀኝ። በል እህቴን ጥራልኝ።»

እናቴ ባቲ ከምትኖረው እህቷ፣ ከአክስቴ ጋር ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። «ትድኛለሽ» ሲሏት ለማስታረቅ የቸኮለ አልነበረም። አክስቴ መጣች። ተላቀሱ፤ ከዚያ አክስቴ የእናቴን ፀጉር ልትሠራላት ተቀመጠች፤ ፀጉሯ በየት በኩል ይከፈል በሚለው ትንሽ ተጨቃጨቁ፣ ሳቁ። እናቴ አምሮባት ሰነበተች። የነፍስ አባቷን አስጠራች፤ ልብሷን ለማን እንደምትተው ተናገረች፤ እኔን መረቀችኝ። ይህን እውነት መናገር ማን እንዳስተማረኝ ስትጠይቀኝ «አንድ የአፋር ልጅ አለ፤ ግራ ክንፍ ነው» አልኳት። «እሱንም ይባርከው፣ ሰላም በልልኝ» አለች። ብዙም አልቆየች። ስታርፍ እጇ በእጄ ነበር፤ መርዶ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገም።

አንባቢዎቼ፣ ባህላችንን ላጣጥል አይደለም ይህን የጻፍኩት። ማለዳ በር አንኳኩተው ግራና ቀኝ ደግፈው የሚያለቅሱልህን ሰዎች የሚያህል ነገር በዓለም ላይ የለም። ጋሽ ታደሰን እስከ ዛሬ እንደ አባቴ ነው የማስባቸው። ግን እባካችሁ፣ መልእክተኛውን አስጨርሱት። ማን አየ ብላችሁ ጠይቁ። የታመመ ሰውም ሲጠይቃችሁ ብቻውን አትተዉት። እኔ ከዚያ ወዲህ ክፉ ዜና የመናገር ዕጣ ብዙ ጊዜ ደርሶኛል፤ ከሰውየው አጠገብ ቁጭ ብዬ እነግራለሁ እንጂ አልሸሽም።

ሐዘኔን ጨርሼ አሰብ ስመለስ ጋሽ ታደሰ ቃላቸውን ጠብቀው ከጭስ ማውጫ ቱቦና ከበርሜል ቁራጭ የበየዱትን ዋንጫ አልጋዬ ላይ አስቀምጠውልኝ አገኘሁ። አስቀያሚ ነገር ነበር፤ አንዱ ጆሮ ከሌላው ይረዝማል። ገብሬ እያለቀሰም እየሳቀም ስለገባችው ጎል ይቅርታ ጠየቀኝ።

ሁመድ ወደ ውስጥ አልገባም። በሩ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብሎ ጠበቀኝ። ሄጄ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አልኩ። ዓመቱን ሙሉ የቀለድኩበትን ጥያቄ ያን ዕለት የጠየቀው እሱ ነው፤ አልሳቀም።

«ምን አየህ?» አለኝ።

«እናቴን አየሁ» አልኩት።